ከወንድሜ ሚስት ጋር ስለምጋራው ወፍጮ

እኔ ዳኜ ወልደ ጻድቅ፣ በመንዝ የቀየት ነዋሪ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ሐምሌ 12 ቀን 1996 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ፣ ልጆቼና ምስክሮች ባሉበት፣ ለጸሐፊው ለአቶ ሀዲስ ያስጻፍኩት የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው።

የእርሻ ይዞታዬን ከነበሬዎቹ ልጄ ምንይሉ ይያዝ፤ ከእኔ ጋር ሲደክምበት የኖረ እሱ ነው። በጎቹን ከእኅቱ ጋር እኩል ይካፈሉ። የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴ፣ ባናዬ፣ ለልጄ ለእስከዳር ይሁን። መሐል ሜዳ አስተማሪ ናት፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ለዲፕሎማ አያዝንም።

አሁን ወደ ወፍጮው ልምጣ። ከሟች ወንድሜ ከወዳጆ ጋር እኩል አዋጥተን የተከልነው ነው። ወንድሜ ሲሞት እኔ ተሽጦ እንካፈል አልኩ። ሚስቱ አሰጋሽ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሴት እህሉን ተሸክሞ የት ይሂድ?" ብላ እንቢ አለች። ሽማግሌዎች፣ ሞተር ለሁለት አይሰነጠቅም ብለው ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቅን እንድንሠራ ወሰኑ። ተራዬ ሲደርስ ሞተሩን አስነሥቼ ቆምኩ፤ እህል ይዞ የመጣ የለም። አገሩ በሙሉ የእሷን ሳምንት ይጠብቅ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አሰጋሽ ባቄላ ከፈጨች በኋላ ድንጋዩን ሳትጠርግ ገብስ አታስገባም፤ የደሃዋን ቁና ከባለ ኩንታሉ ታስቀድማለች፤ ከሩቅ የመጣውን ሳታስፈጭ ሞተር አታጠፋም። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ በእኔም ሳምንት ቁሚልኝ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ይሸጥ ማለቴን አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እንደ እሷ ያለ ሰው አላየሁም፤ እወዳታለሁ፣ አከብራታለሁም።

ልጆቼ ግን እኔ ሳልሞት የእኔን ድርሻ የሚገዛ ነጋዴ አናግረዋል። ሰውየው ወፍጮ መፍጨት አይፈልግም፤ የጋራው ይከፈል ብሎ ከሶ፣ አስፈርዶ ሞተሩን ነቅሎ ሊወስድ ነው። ስለዚህ ድርሻዬን ለአሰጋሽ ተናዝዣለሁ። ምንይሉ ይህን ሲሰማ፣ "እንግዲያው ደጇን አልረግጥም" ብሏል። ይጻፍ።

አቶ ሀዲስ አራት ምስክር ያስፈልጋል አሉ። አራተኛው ምስክር አቶ አጥናፉ ወንዝ ሞልቶባቸው ቀርተዋል። አሰጋሽ፣ "እኔ እፈርማለሁ" አለች። አቶ ሀዲስም፣ በኑዛዜ የሚወርስ ሰው ምስክር ሆኖ ከፈረመ ውርሱ እንደሚቀርበት አስረዷት።

"ገብቶኛል" አለች። "ጋሼ፣ ወፍጮውን ጠቅልዬ ልጆችዎን ካጣሁ ምን ይረባኛል? ይሽጡትም፣ ከእኔ ጋር ይፍጩም፣ የአባታቸው ድርሻ የእነሱ ይሁን።"

ልከለክላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን እስክሪብቶውን ይዛለች። እንግዲህ ድርሻዬ ለልጆቼ ሆነ። አትሽጡ ብዬ አላስርም። መሸጥ የፈለገ ልጅ ግን ለእሷ ራሱ ይንገራት።

ቃሌ በሁላችን ፊት ተነቧል፤ ያልኩት ሁሉ አለበት።

ተናዛዥ፦ ዳኜ ወልደ ጻድቅ (የጣት አሻራ)

ምስክሮች፦
ቄስ ኪዳነ ወልድ ተክሌ (ፊርማ)
አቶ ምንተስኖት ሽፈራው (ፊርማ)
ወይዘሮ አመተሥላሴ ደምሴ (የጣት አሻራ)
ወይዘሮ አሰጋሽ በላቸው (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ እኔና እኅቴ ሰምተናል። ነጋዴውን ነገ ራሴ ሄጄ እንደማንሸጥ እነግረዋለሁ። ምንይሉ ዳኜ (ፊርማ)