ነጃት ጠያቂዎቿን አካፈለች

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬ ሆስፒታሉን በሙሉ በሳቅ አፈረስኩት። እሺ፣ ሆስፒታሉን አይደለም፣ የሕፃናቱን ክፍል። እሱም ግማሹ ተኝቶ ነበር።

የእህቴ ልጅ ነጃት እዚያ ናት፣ ልቧን ታማ። ዐሥር ዓመቷ። ጊደር መጋላ ገበያ የምሸጠውን ሽንኩርቴን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብዬ፣ ብርቱካን ይዤ ከች! ገና ሳልቀመጥ አባረረችኝ። አጎቴ፣ እኔ ሰው ሞልቶኛል፣ እዚያ ጥግ ሂድ አለችኝ።

ጥጉ ላይ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር። ከድሬ ጠያራ ገጠር የመጡ። አባትየው አዝመራ ላይ ነው፣ ጠያቂ የላቸውም። የኛን ሰው ታውቀዋለህ ደብተሬ፣ አንድ ሰው ከታመመ ሰፈሩ ነቅሎ ለዚያራ፣ ለጥየቃ ይወጣል። ነጃት አልጋ ዙሪያ መቆሚያ የለም። እሷ ታዲያ ጠያቂዎቿን ታድላለች! አክስቷን ወደዚያ አልጋ፣ የቁርኣን መምህሯን ወደዚህ። ከገባች ጀምሮ እንዲህ ናት አለች ነርሷ። ብርቱካን ማንም ያካፍላል። ሰው ማካፈል ግን!

ለኢፍቱ የአህያዋን ቀልድ በኦሮምኛ ለቀቅኩላት። ከት ብላ ሳቀች። እናቷም በሻሿ አፏን ሸፈነች። ማን እንደኔ!

ኅዳር 5፣ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ነጃት ሰኞ አ.አ. ትሄዳለች። ኦፕሬሽን። እህቴ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ሳትሄድ ትመስገን አልኩ። (ሐሳቡ የኔ ነው፣ ይመዝገብልኝ።) የሰፈራችን ሽማግሌ አው ዩሱፍ ጁገል፣ ከግንቡ ውስጥ ያለውን የአባቶቻቸውን ቤት ፈቀዱ። የት ትቀመጥ? አሚር ነደባ ላይ አልኩ። እዚያ ከፍ ያለ መደብ ላይ የሚቀመጠው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጫፉን አልነካሁም። አንዱ ዘመዳችን፣ ዛሬ ልጅ፣ ነገ ደግሞ ድመት ታወጡበታላችሁ አለ። አው ዩሱፍ እሑድ ያድርሰን ብለው ብቻ ተነሡ።

ንግግር አንባቢው እኔ ነኝ። ከማታ ት/ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የሽንኩርት ዋጋ የምጽፍበት ጠመኔ ከእጄ አልለቀቀም፣ አሁን ንግግር! ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ያስለቅሳል።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ማታ

አልሐምዱሊላህ! ድል!

ሐኪሟ ፈቅዶ በባጃጅ ቀስ ብለን አመጣናት። ቤቱ ሞልቷል። አው ዩሱፍ ከመደባቸው ወረዱ። ትራሱን በእጃቸው አመቻቹ። ነይ ልጄ፣ ዛሬ የዚህ ቤት ትልቅ አንቺ ነሽ አሉ። እልልታ! ባለ ድመቱ ዘመድ ጭብጨባውን አቀለጠው፣ ያ አፍ የሱ ያልነበረ ይመስል።

እሷ ግን አልወጣችም። መሐል ቆመች። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እያረፈች ተናገረች። «እኔ ስሄድ እነ ኢፍቱን ማን ይጠይቃቸዋል? ካልተካፈላችኋቸው አልቀመጥም።»

ንግግሬ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ሦስት ገጽ! ምን ይደረግ።

አው ዩሱፍ ቀደሙ፣ በመስኮቱ በኩል የተኛው ልጅ የኔ ነው አሉ። ከዚያማ ጨረታ ሆነ። ሴቶቹ ተባብረው እዚያው ክፍል የተኙትን መንትዮች ወሰዱ። ባለ ድመቱ እንዳይበለጥ ሁለት አልጋ ጠራ። አልጋ አለቀ! አርፍዶ የመጣ ሰውዬ፣ ለኔስ ሳታስቀሩ ብሎ ተቆጣ።

ያኔ ወጣች። አሚር ነደባ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯ መሬት ሳይደርስ። ሽማግሌ ሁሉ ቀና ብሎ አያት። ዱዓ ተደረገላት። አሚን ያልነው ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ተሰምቷል። ቢያንስ በሩ ድረስ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሸኘናት። መኪናው ሊነሣ ሲል ጆሮዬን ጎትታ፣ ኢፍቱን አደራ አለችኝ። እኔ ስንት ሞክሬ አልሳቀችልኝም፣ አንተ ግን ታስቃታለህ። ኢንሻአላህ አልኳት። ሄደች።

ደብተሬ፣ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ አንዲት ነገር ስትቀር። ማክሰኞ ኢፍቱ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የእናቷ ሳቅ ግን ወላሂ እውነት ነው።

ዛሬ በጠያቂ ሰዓት እሄዳለሁ። አህያዋን ትቼ በግመል እሞክራለሁ። በግመል ካልሆነ፣ ነገ በዶሮ።