ለኮምፒውተርህ የሰፋሁት ልብስ

ውድ ልጄ ባስልዮስ፣

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለህ እንዳትጠይቅ። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርቱን ከሃያ ሁለት ሰው አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ በፈተናው ቀን መነፅሯን ረስታ ነበር የመጣችው፤ እሱን ግን ለማንም አልናገርም።

መደወል እችል ነበር። ድምፄን ስትሰማ ወዲያው ታውቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ባስልዬ፣ ኮምፒውተርህን አቃጥዬዋለሁ። የአባትህ ድምፅ ያለው ደግሞ እሱ ውስጥ ብቻ ነው።

አይሻ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሥራ አግኝተህ ስትሄድ፣ በር ላይ ቆመህ «እማ፣ አቧራ እንዳይገባበት» አልከኝ። የጅጅጋን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ መስኮት ዘግተህም ሻይህ ላይ አሸዋ ታገኛለህ። ለቴሌቪዥኑ ዳንቴል የሠራሁ ሴት ለኮምፒውተር ምን ያቅተኛል? ከመጋረጃው በተረፈው ወፍራም ጨርቅ፣ ገበር አግብቼበት፣ ከማብሪያው ቁልፍ በቀር አንድ ቀዳዳ ሳልተው ለሳጥኑ ልክክ ያለ ልብስ ሰፋሁለት። ስምህንም በክር ጻፍኩበት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አይቶታል፤ ሙሽራ መስሎ ነበር።

አንተ የማታውቀው፣ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ እከፍተው ነበር። ፊደል እንደለየሁ ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያነበብኩት «አባባ» የሚለውን ነው፤ አባትህ ታሞ ሳለ የቀረጽከውን ያስቀመጥክበትን። ሀርሺን መንገድ ላይ መኪናውን ጭቃ ይዞበት ሦስት ቀን ያደረውን ሲያወራ፣ መሀል ላይ «አትጠገብ» ብሎ ይጠራኛል። ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። ሰምቼው ዝም አልኩ። ማስታመሙ ሰልችቶኝ ነበር ባስልዬ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን በየቀኑ «አቤት» እለዋለሁ። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና «አቤት» እላለሁ። እንዲህ ስል ሦስት አራት ሰዓት ይሄዳል፤ አቧራ እንዳይገባ ብዬ ልብሱን አንድም ቀን አላወለቅኩለትም።

መጀመሪያ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ቀጥሎ በራሱ ጊዜ ይጠፋ ጀመር፤ እኔም መልሼ አበራዋለሁ። ለሰፈሩ የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ ብዬ አውርቼ ስለነበር ሰው መጥራት አፈርኩ። ማክሰኞ ዕለት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ልብሱን ስገፈው ሳጥኑ እጄን ፈጀኝ። ከሶኬቱ ነቀልኩት። ወጥቼ ሂባቅን፣ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግነውን ጎረቤታችንን ጠራሁ።

ጎኑን ፈታችው። ማራገቢያው አቧራና የጨርቄን ብናኝ ተጠምጥሞ ቆሟል። በብሩሽ ስታጸዳው እሱስ ተነሳ፤ ዲስኩ ግን ቋ፣ ቋ ይላል። ሙቀቱ ጎድቶታል አለችኝ፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ቢነሳ ነው፣ ያኔ ቶሎ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አለብን። ቬንትሌተር አዞርንበትና ቁልፉን ተጫነች። ተነሳ። «አባባ» ብቅ አለ። ሂባቅ ፊቴን አየችና እጇን ገታች።

«ኤዶ አትጠገብ፣ መጀመሪያ አንዱን ይሰማሉ? የመጨረሻ ሊሆን ይችላል።»

«ገልብጪ» አልኳት።

የመገልበጡ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ለመሙላት ጣት ያህል ሲቀረው ዲስኩ ቋ አለና ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ሂባቅ ፍላሹን በራሷ ላፕቶፕ ልትከፍተው ስትል እጇን ያዝኩ። ምን እንደገባ፣ ምን እንደቀረ ማየት አልቻልኩም። ሰፈሩን በጉራ ያደነቆርኩ ሴት ጣት የማታክል ነገር ፈራሁ። ሁለት ቀኔ ነው፣ እህል አይወርድልኝም።

ፍላሹን ከዚሁ ደብዳቤ ጋር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ለሾፌሩ ለዴቅ ሰጥቼዋለሁ። አንተ ክፈተው። የሀርሺኑ ካለ ወዲያው ደውልልኝ፤ ምንም አትበለኝ፣ ስልኩን ብቻ አስጠጋለት። ከሌለ ግን አትደውል። ፈቃድ ጠይቀህ ና። ይህን ብቻዬን ቆሜ የምሰማበት አቅም የለኝም።

እናትህ አትጠገብ