ለስላሳ ነው ያልኩሽ ቀን

እማ፣

ከተለየሽን ስምንት ወር ሆነ። እህቴ ዘሀራ ዘጠኝ ነው ትላለች፤ የምትቆጥረው ከተኛሽበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ከየትኛው ቀን እንደምቆጥር አታውቅም።

ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ አቮካዶ ትሸጪበት የነበረውን ቦታ እሷ ይዛዋለች። እንዳንቺ ደንበኛ መገሠጽ ግን አልሆነላትም። አንቺ በአውራ ጣቱ የሚጫነውን ሁሉ፣ መጀመሪያ ግዛው፣ ከዚያ ጨፍልቀው ትይው ነበር። እሷ የጣት ምልክት ያረፈባቸውን ለይታ ወደ ቤት ታመጣቸዋለች፤ እንበላቸዋለን።

እኔ ያው የባሕር ዳር ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ካረፍሽ ወዲህ ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር እሠራዋለሁ። ለዓይን የማትታይ መርፌ የሰውነት ሕዋስ ትነካለች፣ ትጫነዋለች፣ ትመለሳለች። እያንዳንዱ ንክኪ አንድ መስመር ይሆናል። መሣሪያው ያለው ውጭ አገር ነው፤ እኔ ዘንድ የሚደርሱት መስመሮቹ ናቸው፤ ከእነሱ የሕዋሱን ልስላሴ አወጣለሁ። ይህን አንድ ጊዜ ብነግርሽ፣ ልጄ የሥጋ ልስላሴ ይለካል ብለሽ ለገበያው ሁሉ አወራሽ። በእጄ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ደስ ስላለኝ ተውኩት።

ባለፈው ወር ስህተቴን አገኘሁ። ሕዋሱ ስስ ነው፤ የተቀመጠውም መስታወት ላይ ነው። መርፌዋ ጠልቃ ስትጫን የሚመልሳት ከሥር ያለው መስታወት ነው። እኔ ሕዋሱ ጠንካራ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። መስታወቱን ነበር የለካሁት። ወደ ላይኛው፣ ወደ ቀላሉ ንክኪ ስመለስ ደግሞ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። መነሻ ነጥቡን ትንሽ ባዛወርኩ ቁጥር ሕዋሱ ይለሰልሳል፣ ይጠነክራል። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና።

ገና ሳትተኚ፣ ያን ቀን አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ እጄን ይዘሽ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር፣ የሚያምሽ ቦታ ላይ አኖርሽው። «እስኪ ንካኝ፣ አንተ ታውቀዋለህ» አልሽኝ። ነካሁሽ። በጣም ቀስ ብዬ። እንዳላሳምምሽ ነበር። እንዳላገኝም ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ነው አልኩሽ። አልሐምዱሊላህ ብለሽ ሻሽሽን አስተካከልሽ።

ሦስት ወር ገበያ ዋልሽ። ዘሀራ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትልሽ ደህና ነኝ እያልሽ መለስሻት፤ ለስላሳ ነው ያለሽ ማን እንደሆነ አልነገርሻትም። በመጨረሻ ሐኪሙ እዚያው ቦታ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ፊቱ ተለወጠ።

ባለፈው ዓርብ ለሰደቃሽ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። እትዬ ሀዋ አንገታቸውን ገልጠው እብጠታቸውን ካልነካህልኝ አሉ። ሐኪማችን፣ አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሳቁ። እጄ ተነሣና አየር ላይ ቀረ። አላውቅም አልኳቸው። እኔ የማየው መስመር ነው፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ አልኳቸው። አንገታቸውን ሸፈኑ።

«ለእናትህ ጊዜ አውቀህ አልነበር? ልጄ ነካክቶ ለስላሳ ነው አለኝ ብላኛለች» አሉኝ። ቅር ብሏቸው ነው እንጂ በክፋት አልነበረም።

ዘሀራ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። አየችኝ። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ገበያ ታወራኛለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራኛለች። እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ። ሳትጠይቀኝ ልንገራት እላለሁ፤ አፌን እከፍታለሁ፣ ውሃ እለምናታለሁ።

እማ፣ የመርፌዋን መስመር ሺህ ጊዜ ማረም እችላለሁ። ያንን አንዱን ንክኪ ግን አልችልም። ጣቴ የሚያስታውሰው የቀሚስሽን ጨርቅ ብቻ ነው፤ አንቺ ጋ አልደረሰም ነበር። እስካለሁ ድረስ ይህን ሳላሳምር አስታውስሻለሁ።

ልጅሽ