ሦስት መልእክተኞች

ይድረስ ለወንድሜ ለሁንዴ። ይህች ወረቀት ድንበር ማዶ፣ ወርቅ የምትቆፍርበት ቦታ ድረስ ዘልቃ በሙሉ ጤና ታግኝህ። እኔና እማዬ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ባምባሲ ደህና ነን።

የማንጎዎቻችንን ቅጠል የወረረውን ነጭ ተባይ በሳሙና ውሃ ረጨሁት። ከስድስቱ ዛፎች ሦስቱን ግን ለማወዳደሪያ ሳልነካ ተውኳቸው። የተረጩት ሲጸዱ ጎረቤታችን ኮከብ «ዝናቡ ነው ያጠበልሽ» አለችኝ። «ዝናቡማ ላልተረጩትም ዘንቧል፤ እነሱ ለምን አልጸዱም?» አልኳት።

ማክሰኞ ደግሞ፣ እዚያ እናንተ ዘንድ የወርቅ ጉድጓድ ተናደ የሚል ወሬ ሰምታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። እማዬ ሳታያት ከደጅ መለስኳት። ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ ባላገኝም፣ ሁለቱንም የወሰደው አንድ ሹፌር ነው፤ እሱ ሳያደርሳቸው ቀርቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ይህንኑ ደብዳቤ አንድም ቃል ሳልለውጥ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱን ለዚያው ሹፌር፣ አንዱን ለወርቅ ነጋዴ፣ አንዱን ከሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ወደ አገሯ፣ ወዳንተው ማዶ፣ ለምትመለስ ሴት እሰጣለሁ። ማን እንዳደረሰልህ ብቻ ጻፍልኝ። ሦስቱም ዝም ካሉ አራተኛ መልእክተኛ እፈልጋለሁ እንጂ፣ ኮከብ ነጠላዋን ሳታስተካክል ደጃችንን አትረግጥም።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ እኔም።

እህትህ ኦብሴ