ዳክ የሚሏት ሳጥን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልጄ አስማረ ከመሞቱ በፊት በስልኩ የቀዳውን ድምፁን በቴፑ እሰማለሁ። ዛሬ ቴፕ ሠሪው ሙሉቀን እቤቴ መጥቶ ሰማውና፣ "እትዬ፣ ይኼ ቴፕ ሰሊጥ ይቆላል እንዴ?" አለኝ። ስልኩና ቴፑ መሐል ዳክ የሚሏትን ትንሽ ሳጥን ብናስገባ መንጣጣቱ ይጠፋል አለ።

"ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ የሚያወራ ነው የሚመስልዎት።"

እስቲ ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። የፈራሁት ይህንኑ ነው። አስማረ ከአብርሃ ጅራ የሰሊጥ እርሻ ሲደውልልኝ ድምፁ ሁልጊዜ ይንጣጣ ነበር። አሁንም እንዲያ ስሰማው ሰሊጥ አጨዳ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመጣል እላለሁ። ጥርት ብሎ ከተሰማኝ ግን ወደ ጎኔ ዞር ማለቴ አይቀርም።