ድልድይ የተባለችው ድፋት

የካቲት 4
ብርዱ ለጉድ ነው። በርኖሴን ተከናንቤ ዜማ ሳስተምር ዋልሁ። መንግሥት ትምህርት ቤት አዲስ አስተማሪ መጥቷል፤ ገብረ አማኑኤል ይባላል፣ የአጋሜ ሰው። ትሑት ነው። ግን እሑድ ለምን አላስቀደሰም? ጠየቅሁት። «መርጌታ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ።» እንዲሁ፣ ሳይሽኮረመም! እኛ ሞላሌ ውስጥ!

የካቲት 12
የሚካኤል ማኅበር። ጠላው ጥሩ፣ አፌ የተፈታ... ላሥቃቸው ብዬ «አስተማሪያችን ካቶሊክ ነው» አልሁ። ማንም አልሳቀም። የምስለኔው ጸሐፊ መኳንንት «ጣሊያንም ካቶሊክ ነበር» አለ። በሰማዕታት ቀን ይህን ማውራት... ምን ነካኝ?

የካቲት 19
ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። የገብረ አማኑኤል በር ላይ በከሰል «ባንዳ» ተጽፏል። ባለቤቴ ጌታነሽ፦ «የጻፈችው ያንተ ምላስ ናት።» ይህች ሴት እውነት ስትናገር አትወደድም።

የካቲት 26
መኳንንት የአስተማሪውን ቤት ፈትሾ ወረቀት አገኘ። የጠላት ካርታ ነው አሉ! ነገ ምስለኔው ፊት ይቀርባል፤ ከተፈረደበት ደብረ ብርሃን፣ እስር ቤት። ምሳዬን አልበላሁም።

የካቲት 27
መኳንንት ወረቀቱን ዘርግቶ፦ «ከታች ያለው ጸሎት ማስመሰያ ነው፤ ነገሩ ከላይ ነው። ይቺ ጎባጣ የወንዙ ድልድይ። እነዚህ ነጥቦች የተሰለፈ ጦር።» ምስለኔው «እስቲ መርጌታም ይዩት» አሉ።

አየሁት። እግዚኦ! የዜማ ምልክት! ድልድይ የሚላት ድፋት ናት፣ ድምፅ ዝቅ የምናደርግባት። ጦር የሚለው ርክርክ ነው፣ ድምፅ የምናርገበግብበት። ለተማሪዎቼ በየቀኑ የማስተምረው! ብናገር ደግሞ እኔንም ባንዳ ሊሉኝ... ፈራሁ፣ አልዋሽም።

ቆሜ አዜምሁት። ሁለተኛው መስመር ላይ ገብረ አማኑኤል ተቀበለኝ፣ እንባው እየወረደ። ምስለኔው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ግን ይስቃል። «በል መኳንንት፣ ጦርህን በትን።»

ውጭ ስንወጣ ገብረ አማኑኤል፦ «እኛም የምንቀድሰው በግእዝ ነው፤ ዜማውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀረ» አለኝ። የዚህን ሰው ልጅ ነው ባንዳ ያስባልሁት! ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልሁት። «አውቃለሁ መርጌታ፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ነግረውኛል።» ይህች ሴት!

መጋቢት 9
ልጆቹ ተመለሱ፤ ሁሉም አይደሉም። መኳንንት እኔን «የካቶሊኩ መርጌታ» ይለኛል። ገብረ አማኑኤል ከትምህርት በኋላ ይመጣል፣ እንጨቃጨቃለን። ስለ ሮማ እንዳይመስል! ያቺ ድፋት የእሱ ወረቀት ላይ አለች፣ የእኔ ድጓ ግን እዚያው ቃል ላይ ምልክት የለውም። «አባትህ ተሳስተዋል» አልሁት። «የእርስዎ መምህርስ?» አይለኝም! ድፍረቱ!

መጋቢት 14
ብቻዬን ሦስቴ አዜምሁት። ያለ ድፋቷ... ከድፋቷ ጋር... ያምራል። ምን ላድርግ፣ ያምራል! ራቤል ላይ ሰባት ዓመት ያስተማሩኝ መምህሬ ነፍሳቸውን ይማር፣ ይቅርም ይበሉኝ።

ቀለም በጥብጬ ድጓዬ ላይ ድፋቷን ጨመርሁ። ለጌታነሽም አልነገርሁም። ሞላሌ ውስጥ ከሃዲ የሚፈለግ ከሆነ መኳንንት የእኔን ቤት ይፈትሽ።