ስሜን ቀይረው ታሪኬን ለሰበኩልኝ አሰልጣኜ

ለተከበሩ ዶክተር ሶፎንያስ፣
በሆሳዕና ከተማ የ«ጥላ» ጋብቻና ቤተሰብ አማካሪዎች ማሰልጠኛ ማዕከል ዳይሬክተርና ዋና ሱፐርቫይዘር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤናና ሰላም እየተመኘሁ፣ ለጉሮሮዎ ደግሞ ለብቻው ጤንነት እመኛለሁ፤ ባለፈው የባለትዳሮች ኮንፈረንስ ላይ ድምፅዎ እስኪዘጋ ድረስ ስለ እኔ ሲናገሩ ስለሰማሁ ነው።

እርስዎ ያውቁኛል። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ግን ጣቢታ ሊሻን እንደምባል፣ የአጵሎስ ባፈና ባለቤት እንደሆንኩ፣ በማዕከልዎም የሁለተኛ ዓመት ሰልጣኝ ሆኜ በእርስዎ ክትትል ባለትዳሮችን አማክር እንደነበር ልግለጽ። «አማክር ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ገና ስንመዘገብ የባለጉዳይን ምስጢር ለእናትም ለባልም ለመጋቢም እንደማንናገር አስምለውናል። ቀጥሎም አማካሪ የራሱን ቁስል ካላወቀ የባለጉዳዩን ቁስል በራሱ ዓይን እያየ ያበላሸዋል ብለው፣ በየሳምንቱ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ከእርስዎ ጋር ወደምናደርገው የክትትል ውይይት፣ ስንገባ የራሳችንን ቤት ጭምር እንድናወራልዎ አዘዙን። ሁለቱንም ትምህርት ተቀብዬአለሁ። አንዱ ለእኛ ብቻ የተሰጠ መሆኑን በወቅቱ ቢነግሩኝ ኖሮ ማስታወሻዬን በጥንቃቄ እይዝ ነበር።

፪. ልጅ ያልወለደች የአንዲት ባለጉዳይ ነገር ይዤ በመጣሁበት ዕለት ማስታወሻዬን አንብቤ መጨረስ አቃተኝ፤ እርስዎም በአባት ርኅራኄ የድምፅ መቅጃውን አጥፍተው «እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል» አሉኝ። እኔም ለእናቴ ያልነገርኩትን ነገርኩዎ። ከዓመታት በፊት አጵሎስና እኔ አዲስ አበባ ሄደን ተመርምረን፣ ልጅ እንዳንወልድ ያደረገው ችግር የእሱ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮናል። ስንመለስ አውቶቡሱ ሆሳዕና መናኸሪያ ገብቶ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ እኛ ተቀምጠን ቀረን፤ አጵሎስ አባቱን ምን ብዬ ላያቸው እያለ ያለቅስ ነበር። እኔ ነኝ «ችግሩ ከእኔ ነው እንላለን» ያልኩት። ከዚያ ወዲህ በጃጁራ፣ በፎንቆ፣ ዘመድ ባለበት ሁሉ መካኗ እኔ ሆንኩ። ሰው ሲያዝንልኝ አንገቴን ደፋሁ፣ ሰው ሲጸልይልኝ አሜን አልኩ። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሐኪሙ፣ ባለቤቴና እኔ ነበርን፤ አራተኛው እርስዎ ሆኑ።

፫. አሁን ወደ ውለታዎ ልምጣ። በኮንፈረንሱ ላይ «የዝምታ ፍቅር» በሚል ርእስ ሲያስተምሩ ስሜን ላለመጥራት ያደረጉትን ጥረት ሳላደንቅ ባልፍ ምስጋና ቢስ እባላለሁ። ማርታ አሉኝ። ከሆሳዕና አንሥተው ዱራሜ አስገቡኝ። ሰልጣኝ ሳለሁ ሱቅ ከፈቱልኝ። ባለቤቴንም ከመምህርነት አውጥተው ሹፌር አደረጉት። አዳራሹ ውስጥ ከአጵሎስ ጎን ተቀምጬ ስሰማ፣ እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ለደቂቃዎች እኔ ራሴ ለማርታ አዝኜላት ነበር።

ከዚያ የቅቤውን ነገር አነሡ።

ለማያውቁ ላስረዳ። በባለቤቴ ቤተሰብ ዘንድ በመስቀል ማለዳ ጃጁራ ባለው የአባቱ ቤት ሁላችንም እንሰበሰብና፣ በዓመቱ የወለዱ ምራቶች በአማቴ በእማማ ገነቴ እጅ ራሳቸውን ቅቤ ይቀባሉ። እኔ በየዓመቱ ጥግ ይዤ የሌሎቹን ልጆች እታቀፍ ነበር። አንድ ዓመት ግን አማቼ አቶ ባፈና ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ቅቤውን ከሚስታቸው እጅ ወስደው፣ በሰው ሁሉ ፊት ራሴን ቀቡኝ። ምራት ካማቿ ፊት ለፊት ተቀምጣ በማትበላበት አገር የምራቱን ራስ በገዛ እጁ የቀባ አማች ከእሳቸው በፊት የሰማ የለም። ጎረቤቱ እስከ ገና ድረስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፎንቆ ገበያ ላይ ሳይቀር አቶ ባፈና ለመካን ምራታቸው ያደረጉት እየተባለ ተወርቷል።

ዶክተር፣ ስም ቀየሩ፣ ከተማ ቀየሩ፣ ሥራ ቀየሩ፤ አገር ሁሉ የሚያውቀውን አንዱን ነገር ግን ሰው ስለሚያስለቅስ እንዳለ ተዉት። እውነትዎን ነው፣ አስለቅሷል። መጀመሪያ የጃጁራ ሰዎች ዞረው አዩን፤ ቀጥሎ የፊተኛው ወንበር በሙሉ ዞረ። እርስዎ ግን ዓይንዎን ጨፍነው ስለነበር «ጥፋቱ የባሏ ሆኖ ሳለ ስድቡን ለራሷ ወሰደች» የሚለውን እስከ መጨረሻው ጨረሱት። አጵሎስ ኮቱን አስተካክሎ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ ሰው እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ወጣ።

፬. ትምህርቱ ተቀድቶ በቴሌግራም ስለተለቀቀም አመሰግናለሁ። አዳራሹ ያልገባ ሰው እንዳይቀርበት ያሰቡ ይመስለኛል። ወደ ዱራሜ ስሄድ የሚኒባሱ ሹፌር ከፍ አድርጎ ከፍቶት ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለማርታ እንዲህ ያለ ባል አይገባትም ነበር አሉኝ።

፭. እማማ ገነቴ ቤቴ ድረስ መጥተው እግሬ ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይህን ለሚቀጥለው ኮንፈረንስ ምስክርነት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ቅቤ የለበትም እንጂ የሚያስለቅስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት እንዳቃታቸው ግን አብረው ቢጨምሩበት መልካም ነው።

፮. ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎ «ስም አልጠራሁም» አሉኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ ቀዱልኝ፣ ታሪኬ ስንት ትዳር እንዳተረፈ ነገሩኝ። የእኔው ትዳር ከተረፉት መካከል እንዳልሆነ ስገልጽልዎ ስሜቴ እስኪረጋጋ የተግባር ልምምዴን አገዱት፤ ስለ ቁጣዬም አስቤ ጽፌ እንዳመጣ የቤት ሥራ ሰጡኝ። የቤት ሥራዬ ይኸው። ከታዘዘው የገጽ ብዛት በላይ ከሆነ ይቅርታ።

፯. ባለቤቴንና እኔን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ሰብሳቢውም እርስዎ ራስዎ ለመሆን ፈቃደኛ መሆንዎን በሰው ልከውብኛል። እጅግ አክብረውኛል። ሆኖም ይቅርብኝ።

፰. የሥልጠናውን ጥራት በተመለከተ አንድ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ከእኔ ነገር በኋላ የቡድናችን ሰልጣኞች ሱፐርቪዥን ሲገቡ የራሳቸውን ቤት ትተው የፈጠራ ቤት ይዘው ይመጣሉ። የሌለ ባል፣ የሌለች ሚስት፣ የሌለ ጠብ ቤታቸው ተቀምጠው አዘጋጅተው ያቀርባሉ። በቅርቡ በአንዲት ፍየል የተጣሉ ባልና ሚስት ጉዳይ ቀርቦልዎ ጥልቀቱን እንዳደነቁ ሰምቻለሁ። ከነዚህ ልጆች መካከል የተወሰኑት ተመርቀው የእውነተኛ ሰዎችን እውነተኛ ችግር ይሰማሉ፤ በሚሰሙበት ጊዜ ግን የሚጠይቁት ሰው አይኖራቸውም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሥራውን እወደው ነበርና። በዚህ ከተማ ባልና ሚስት ስድብ ሳይሰሙ፣ ሽማግሌ ሳይከባቸው ሊያወሩ የሚችሉበት አንድ ክፍል ቢኖር ብዬ ነበር የገባሁት። እርስዎንም በሙሉ ልቤ አምኜዎት ነበር።

ይህ ሁሉ በአደባባይ መጻፉ ለባለቤቴ ሌላ ውርደት እንዳይሆን የሚሰጉ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አጵሎስ ከኮንፈረንሱ ወጥቶ ፎንቆ እኅቱ ቤት ሰንብቶ ነበር። ሲመለስ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው አሳየሁት፤ ይውጣ ካልክ ይወጣል፣ አይውጣ ካልክ እቀደዋለሁ አልኩት። ዶክተር፣ ፈቃድ መጠየቅ ይህን ያህል አጭር ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሬ ከእርስዎ ያልሰማሁት ይህን ብቻ ነው። አጵሎስ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ይውጣ አለ። ወረቀቱን አጥፎ መልሶልኝ ሲያበቃ ግን እንዲህ አለኝ፦

«አንቺ የምትነግሪው ሰው ነበረሽ። እኔ ግን ያለኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በትሕትና እየተነጋገርን እንኖራለን። እባክዎ ይለፉ፣ እባክዎ ጨው ያቀብሉኝ እንደሚባባሉ እንግዶች። ለዚህ መልስ ካለዎት በማዕከልዎ በኩል አይላኩልኝ፤ በልብዎ ያኑሩልኝ።

ስምዎን ሳልቀይር፣ ከተማዎን ሳላዛውር፣ ሥራዎንም እንዳለ ትቼ የጻፍኩ፣
ለዘለቄታው የምታከብርዎት የቀድሞ ሰልጣኝዎ
ጣቢታ ሊሻን፣ ሆሳዕና

ማስታወሻ፦ ልምምዴን ካገዱ ወዲህም የቤቴን በር የሚያንኳኩ ሰዎች አልጠፉም። ማዕከሉ ሄደን ማውራት ፈራን እያሉ ይመጣሉ፤ እኔም የማማክርበት ፈቃድ እንደሌለኝ ነግሬ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ የሚሉትን ሰምቼ እሸኛለሁ። እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳሉኝ፣ ከጎረቤትዎ ቤት ይምጡ ከእርስዎ ቤት፣ አልነግርዎትም።